ምንም የለበትም ያልኩት መሬት

ጥሩዬ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጥቂት የምልሽ ሳልቆጥር ቀርቼ አይደለም። ቆጥሬ፣ ጽፌ፣ መልሼ ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲወርድ የሌላ ሰው ጉዳይ መሰለኝ።

የምጽፍልሽ ከኩሽናው ጠረጴዛ ነው፣ አንቺ ትቀመጪበት ከነበረው በኩል። ከዚህ ወንበር ላይ ጓሮው ከዳር እስከ ዳር እንደሚታይ እስከ ዘንድሮ አላውቅም ነበር። ከእኔ ወንበር የሚታየው ፍሪጁ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እኔ ፍሪጅ ሳይ አንቺ ጓሮ ታዪ ነበር ማለት ነው።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ መንጠባጠቡን አቁሟል፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ። የልጃችን የሳሮን ትልቁ ልጅ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ ሰላም ሲለኝ ፉጨት ይመስላል። የጓሮ ጫማሽ እንደተውሽው በሩ ጥግ ነው፣ ጭቃው እንደደረቀበት። ማንም አንሳው አላለኝም፣ እኔም አላነሳሁትም። ጤና አዳምሽ ግን የለም። በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ ከነባልዲው አቅፈሽ ወደ ቤት ታስገቢው ነበር። እኔ ያስታወስኩት በረዶ ከጣለ በኋላ ነው። ስነካው እጄ ላይ ፈረሰ፤ ሽታው ግን ነበረው።

ይቅር በይኝ ገና አልልሽም። ከዚህ የሚብስ አለ።

ነገ ጠዋት ጓሮው ላይ ሲሚንቶ የሚያፈሱ ሰዎች ይመጣሉ።

ይህን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት፤ ቧንቧውን ያወራሁት ለማዘግየት ነው።

ጓሮው በእኔ እርምጃ ርዝመቱ ስምንት፣ ጎኑ አምስት ነው። ቤቱን ልናይ የመጣን ቀን አንድ የፕላስቲክ ወንበርና የደረቀ ሣር ብቻ ነበረበት፤ ታስታውሻለሽ። እኔ የታየኝ ሲሚንቶ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጃንጥላ ነው። ተሳፋሪ ኤርፖርት ሳመላልስ ውዬ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ እግሬን የምዘረጋበት። አንቺ ምን እንደታየሽ አልነገርሽኝም። በገባን በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አጥሩ ሥር ቆፍረሻል።

ከዚያ በኋላ ለእኔ ቦታ አልተረፈም። ጎመኑ መሬቱን ያዘ። ቃሪያው በቀለም ባልዲ ውስጥ ገባ። ዱባው ቦታ ሲያጣ አጥሩን እንዲወጣ አስተማርሽው፤ ፍሬው ሲከብድ በአሮጌ ስቶኪንግሽ አዝለሽ ከአጥሩ ጋር አሰርሽው፣ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ የታዘለ ዱባ ካላሳያችሁን ይል ጀመር። የወተት ጋሎን ግማሹን እየቆረጥሽ በሽቦ ሰቅለሽ ሰላጣ ዘራሽበት። ጎመን ያጠብሽበትን ውኃ ለጎመን ታጠጪ ነበር። በደረጃው እርከን ሁሉ ላይ አንድ አንድ ባልዲ ነበር፤ ቆሻሻ ለመጣል በጎን መሄድ ነበረብኝ። አንድ ቀን እግሬ ተጠልፎ፣ "አንቺ፣ እግር ማሳረፊያ እንኳ አልተውሽልኝም እኮ" ብልሽ፣ "አንተ ሶፋ አለህ፣ ቃሪያው ሶፋ የለውም" አልሽኝ።

ሰኔ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ የበረዶ ጠጠር ሲመጣ ከመኪናዬ መስተዋት ላይ የፀሐይ መከላከያውን ነጥቀሽ ጎመኑን ታለብሺው ነበር። ሰው መኪናውን ትቶ እንዴት ጎመን ይከልላል እያልኩ እበሳጭ ነበር። በረዶው የመኪናው ጣሪያ ላይ የቀረጸው ጉድጓድ ዛሬም አለ። ተሳፋሪ ምን ሆኖ ነው ሲለኝ ሚስቴ ጎመን ትወዳለች እላለሁ። ትወድ ነበር ማለት ገና አልለመደልኝም።

በየመስከረሙ ሲሚንቶ አነሳብሽ ነበር። ያለፈው መስከረምም አንስቻለሁ። ይህን ጭቃ የምገላገለው መቼ ነው አልኩ። "እኔ ስሞት ታፈሳለህ" አልሽ፣ እየሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ። ያን ሳቄን አሁን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ስለዚህ ነው የነገዎቹ ሰዎች የሚያስፈሩኝ። ክርክሩን አሸንፌ አይደለም። መልስ የሚሰጠኝ ስለጠፋ ነው።

ለቅሶሽን አላየሽውም፣ እሱንም ልንገርሽ። ሰው መጣ። ከኦሮራ ብቻ አይደለም፣ ከዴንቨር፣ ከሊትልተን። አረጋውያን ቤት አብረውሽ የሚሠሩት ከነዩኒፎርማቸው መጡ። ሳሎኑ ሞላ፣ ደረጃው ሞላ፣ ወንዶቹ በር ላይ በብርድ ቆሙ። ከቀብር መልስ ጋሽ ንጉሤ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ በጓሮው በር ብቅ ብለው አዩና፣ "እዚህ ድንኳን እንትከል እንጂ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው ቀሩ እኮ" አሉ። ወጣቶቹ ባልዲዎችሽን ከደረጃው አንስተው አጥር ጥግ ደረደሩ። የጣለው በረዶ ቀልጦ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ነበር። ጋሽ ንጉሤ በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

"ይህ ያዳልጣል። አንዱ አዛውንት ቢወድቅ ሌላ ለቅሶ ልንቀመጥ ነው። ጣውላ ይነጠፍበት። መሬቱ ላይ ምንም የለበትም አይደል?"

አየሁት። ጥቁር አፈር ነው። ላዩ ላይ ትንሽ ገለባ።

"ምንም የለበትም" አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ጣውላ በአንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። "ተወው አንተ ልጅ፣ ሐዘንተኛ ጣውላ አይሸከምም" ብለውኝ ነበር። በስድሳ አንድ ዓመቴ አንተ ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አልተውኩትም። እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጌ ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በላዩ ተቀመጠ፣ ቆመ፣ ተመላለሰ። ደረታቸውን እየመቱ ያለቀሱልሽ ሴቶች የቆሙት እዚያ ጣውላ ላይ ነው። ጣውላው ሲረግጡት ከሥሩ ጭቃው ይተነፍስ ነበር። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ድንኳኑን በሦስተኛው ቀን ነቀሉት። ጣውላው ለአርባሽ ያስፈልጋል ተብሎ ቀረ። ከአርባሽ በኋላ ማንም አላስታወሰውም። እኔ አስታውሼዋለሁ። በየቀኑ ከዚህ ወንበር አየው ነበር። ላነሳው ተነስቼ ጫማዬን አጥልቄ በሩ ድረስ ሄጄ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። አንቺ የነካሽው አፈር ነው፤ ተከድኖ ይቆይ እል ነበር። ያን ጊዜ የተሻለ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

ሲሚንቶውን ያመጣችው ሳሮን ናት። አትቆጫት። እሑድ እሑድ ከሴንቴኒያል ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፣ ፍሪጁን ከፍታ የበላሁትንና ያልበላሁትን ትመረምራለች። አንድ እሑድ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። "ዳድ፣ እዚያ ጣውላ ላይ አፍጥጠህ ስትውል ያስፈራኛል" አለችኝ። "ኮንክሪት እናድርገው። ቴብል እናስገባበት፣ ልጆቹ ይጫወቱበት። ለማሚ ሙት ዓመትም ሰው የሚቆምበት ክሊን የሆነ ቦታ ይኖራል።" ሙት ዓመት የሚለውን ቃል ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ ያን ያህል አማርኛ አልነበራትም። ባንቺ ሞት የተማረችው ቃል መሆን አለበት።

እሺ አልኳት። እሺ ማለት እንደሚቀናኝ ታውቂያለሽ።

ትናንት ኤሌና ከአጥሩ ማዶ ጠራችኝ። ጎረቤትሽ የብርዱን ወራት ቴክሳስ ልጇ ዘንድ ከርማ ነው የመጣችው። እኔና እሷ ጎረቤት በሆንባቸው ስምንት ዓመታት ሃይ ከመባባል ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም፤ እናንተ ግን በሁለት ስብርባሪ እንግሊዝኛ ሰዓት ሙሉ ታወሩ ነበር። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ በአጥሩ ክፍተት ወደ እኛ በኩል አየች።

"ነጭ ሽንኩርቱስ? የእኔ ጉልበቴን አልፏል" አለችኝ።

የቱ ነጭ ሽንኩርት አልኳት።

ዘሩን የሰጠችሽ እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። በአንድ ቀን፣ እሷ በዚያ በኩል አንቺ በዚህ በኩል ተንበርክካችሁ፣ ፍሬውን ፈልፍላችሁ፣ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ። ጥቅምት መግቢያ ላይ ነበር አለች፤ ብርዱን አፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፍና ሐምሌ ላይ ይነቀላል። ገለባውን ያለበስሽው እንዳይበርደው ነው። እኔ ዞሬ ጣውላዎቹን ሳይ ግራ ገባት።

"ታውቃለህ ብዬ ነበር እኮ" አለች። "ለባሌ ነግሬዋለሁ፣ ማንም እንዳይረግጠው ብዬዋለሁ ብላኝ ነበር።"

ነግረሽኛል ማለት ነው።

ከትናንት ጀምሮ ያን ቀን እየፈለግኩት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አለ፣ እሱ ይሆናል። ከጓሮ ገባሽ። ጉልበትሽ ላይ አፈር ነበር። እኔ ጠረጴዛው ጋ ሆኜ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነበር፣ የኤርፖርት ጥሪ እየጠበቅኩ። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ እጅሽን ትታጠቢ ነበር። ውኃው ክፍት ነው። የሆነ ነገር አልሽኝ። ረጅም ነገር ነው፣ መሃል ላይ አንዴ ሳቅ ያለበት። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን አስታውሳለሁ። ስልኬ ላይ የመጣውን አድራሻ እንኳ አስታውሳለሁ። ያልሽኝን አላስታውስም።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት ልብሽ ቆመ።

ምናልባት ያ ቀን አይደለም። ምናልባት መኪና ውስጥ ነው የነገርሽኝ፣ ምናልባት ልተኛ ስል። ምናልባትም ልትነግሪኝ አስበሽ ረስተሽ ለኤሌና ግን ነግሬዋለሁ ብለሽ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። አንዳንዴ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል።

እሑድ ቀን ሥራ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ከቅዳሴ መልስ የክት ልብሴን ሳልቀይር ጣውላዎቹን አነሳኋቸው።

አሉ ጥሩዬ። ሞተዋል ብልሽ ይቀለኝ ነበር። ነጭ ናቸው፣ ቢጫ የነካቸው፣ ብርሃን ፍለጋ መሬት ለመሬት የሄዱ። ጣውላው ያጎበጣቸው ናቸው። አንዳንዱ አንድ ክንድ ሙሉ በጨለማ ተስቦ ጫፉ ላይ ደርቋል። ጠርዝ ላይ ያሉት ግን ወደ ውጭ ወጥተው አረንጓዴ ሆነዋል። እነሱን አውቃቸዋለሁ። ሣር መስለውኝ ሁለት ጊዜ በመቀስ ከርክሜያቸዋለሁ። ያን ጊዜ እጄ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ ከምሳዬ መስሎኝ ታጠብኩት።

በሕይወት ያሉት ሃያ ስድስት ናቸው። በየስንዝሩ ነው የተከልሽው፣ በአንቺ ስንዝር፤ በእኔ ስለካው አይገጥምም። ባዶዎቹን ቦታዎች በጣቴ ዳበስኳቸው። አንዳንዱ ጋ የበሰበሰ ነገር አለ፣ አንዳንዱ ጋ ምንም። መሃል ላይ ያለው ቦታ፣ ሴቶቹ የቆሙበት፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። እዚያ አንድም የለም።

ለሳሮን ደወልኩ። ሲሚንቶው ይቅር አልኳት።

"ዳድ፣ ሰዎቹ ነገ ጠዋት እኮ ነው የሚመጡት። እሺ ያልከው ደግሞ ራስህ ነህ።"

ነጭ ሽንኩርቱን ነገርኳት። ኤሌና ያለችኝንም ነገርኳት፤ ልደብቃት አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። ከኋላዋ የልጆቹ ካርቱን ይሰማል። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ማሚ ነግራህ ነበር ወይ አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

እንዴት አታውቅም አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። "ኦኬ ዳድ" ብላ ዘጋችው። አንቺ ስትቀየሚኝ በር የምትዘጊው እንደዚያ ነበር፣ ቀስ ብለሽ፣ ድምፅ እንዳይሰማ።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። አሁን ሰኞ ነው፣ ከሰዓት በኋላ።

ሰዎቹ ጠዋት መጡ፣ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ምን እንደምላቸው ሳላውቅ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ የሳሮን መኪና መጥቶ ከኋላቸው ፓርክ አደረገ። ወደ ሥራ እየሄደች ነበር፣ በቢሮ ልብሷ። ቤቱን አልፋ ወደ ጓሮው በር ሄደች፣ ባለተረከዝ ጫማዋን አወለቀች፣ ጥግ ላይ ያለውን የአንቺን የጓሮ ጫማ አጠለቀች። የደረቀው ጭቃ ወለሉ ላይ ተራገፈ። ተይ ልላት ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ያላነሳሁት ጫማ ነው። ልክ ሆናት። እግራችሁ አንድ ልክ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ይህም ሌላው ያላወቅኩት ነገር ነው።

ወርዳ መደብሽ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አንዱን ነጭ ግንድ በጣቷ ቀና አደረገችው፤ ስትለቀው ወደቀ። እንደገና ቀና አደረገችው። ፊቷን አላዞረችልኝም።

"እስከ የት ነው የምናፈሰው?" አለች፣ እንደዚያው እንደተቀመጠች።

ከበሩ ጀምሬ ተራመድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚያ ላይ ቆምኩ። ገና ቃሪያ ወይም ጎመን የማስገባበት አንድ እርምጃ ባዶ መሬት ይቀራል፣ ከዚያ የአንቺ መደብ ይጀምራል። ሳሮን ክሩን በአንድ ጫፍ ያዘች፣ እኔ በሌላው። ከወንድማማቾቹ ታላቁ አይቶን ሳቀ፤ ለዚህች ያህል ነው እንዴ የጠራችሁን አለ። ለዚህች ያህል ነው አልነው።

"በሙት ዓመቱ ሰው የት ይቆማል ታዲያ?" አለችኝ ሳሮን።

ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ተስማማችም አልተስማማችም አላውቅም። ስትሄድ ጫማሽን በሩ ጥግ መለሰችው፤ ግን አንቺ እንዳስቀመጥሽው አድርጋ አይደለም፣ ግራና ቀኙ ተለዋውጧል። አላስተካከልኩትም።

ሲሚንቶው አሁን እርጥብ ነው። ሲደርቅ ሁለት ወንበር ይይዛል። ይኸው የፈለግኩት ቦታ። አንዱ ወንበር የማን እንደሆነ ገና አላሰብኩበትም።

ነጭ ሽንኩርቶቹ ግን ደህና አይደሉም። ሰባት ወር ጨለማ ያየ ነገር ነውና እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አጠወለጋቸው። ኤሌና በአጥሩ ክፍተት አይታ፣ ጥቂት ቀን ጥላ አድርግላቸው፣ ቀስ በቀስ አለማምዳቸው አለችኝ። ራስ ያወጣሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ከንፈሯን መጠጠች። ምናልባት አለች። ወደ መኪናዬ ሄጄ የፀሐይ መከላከያውን አውርጄ አለበስኳቸው። መኪናው ውስጥ አሁን ከሙቀቱ የተነሳ እጅ አያስገባም።

አስታውስሻለሁ ብዬ ቃል ልገባልሽ ነበር። ግን የማስታወስ ነገሬን አንቺም አይተሽዋል። ከለቅሶሽ ሦስት ሳምንት በፊት የተነገረኝን ያላስታወስኩ ሰው ነኝ፤ ዕድሜ ልክ ብዬ ብምልልሽ ማን ያምነኛል። ስለዚህ እጄ የሚችለውን ብቻ ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ እነቅላቸዋለሁ። ጣት የምታህል ብትሆንም የተረፈውን አልበላውም። ጥቅምት ሲገባ ጠጥሮ የቀረውን መሃሉን እቆፍራለሁ፣ ፍሬውን እፈለፍላለሁ፣ ሾጣጣውን ወደ ላይ አድርጌ በየስንዝሩ እተክላለሁ። ለስንዝሩ ሳሮንን እጠራለሁ፤ እጇም እንደ እግሯ ያንቺ ልክ ይሆናል። ገለባ አለብሰዋለሁ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሙት ዓመትሽ ነው። ከአዳራሹ መልስ ጥቂት ሰው ወደ ቤት መምጣቱ አይቀርም። ጋሽ ንጉሤም በጓሮው በር ብቅ ብለው ማየታቸው አይቀርም። የሚያዩት ጥቁር አፈርና ትንሽ ገለባ ነው። ሰው በዝቷል፣ ወንበር እናውጣ፣ መሬቱ ላይ ምንም የለበትም አይደል ይሉኛል።

አለበት እላቸዋለሁ። ሰዉ ተሰናብቶ እስኪያልቅም ከዚያ በር ላይ አልነቃነቅም።

ያንቺው
ታምሩ